የሸምሲያ ጠረጴዛ

ዓርብ ነው፤ ፈርዋኒያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
አምስት ሴት ባንድ ክፍል፣ ከውጭ አቧራ ሰማይ።
ጠረጴዛው ካርቶን ነው፣ ቴሌቪዥን የመጣበት፣
«ተሰባሪ» የሚል ቃል፣ ብርጭቆ የተሳለበት።

ገንዘብ የለም በመሃል፤ «ሐራም ነው» ብላለች
ሸምሲያ፣ ካርታ ስታድል እጅጌዋን ሰብስባ።
የምንመድበው የተምር ፍሬ ነው፣
ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሻይ ቆርቆሮ የሚቀመጥ፤
አንዱ ፍሬ ያንድ ቀን ሰሃን ማጠብ፣
አስሩ ከኤሲው ሥር ያለው አልጋ፣
ሃያው ቻርጀሩን ይዞ መተኛት፣ እስኪነጋ።

ሕጉን የለቀመችው መርከብ ላይ ነው፤ ሦስት ዓመት
ምንጣፍ ስትጠርግ፣ ከቁማርተኞች እግር ሥር፣ በሌሊት።
ካርታ በእጇ ነክታ አታውቅም ያኔ፤
«አዳዩ ሲፈርድ ግን» ትላለች፣ «ይቆም ነበር መጥረጊያዬ።»
«አንደኛ» ብላ ትጀምራለች፤ ሁለተኛ አትልም፤
ስህተት ካልጠራቸው ሕጎቿ አይመጡም።

ጫልቱ ሳይደርሳት «ተውኩ» ብላ ካርታዋን ጣለች።
ሸምሲያ አልተቆጣችም፤ ካርታውን በጣቷ ገፋ አደረገች፦
«ተራሽ አልነበረም። የጣልሽው ካርታ ብቻ መሰለሽ?
ገና ለምታስበው ለዚያችኛዋ መብራት አበራሽ።»

ለተብርሃን አራት ፍሬ አኖረች፤ ፊቴን አየች፤
ፊቴ ምን እንዳላት እንጃ፣
ሦስት ልትጨምር እጇን መለሰች።
«ተይው» አለች ሸምሲያ፤
«እጅ ባንድ መንገድ ነው የሚያደርስ፤
ሄዶ፣ ፊት አንብቦ፣ ለሌላ አይመለስ።
መጨመር ካማረሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤
ዝም ካልሽ ያው አራት ነው። ሦስቱን ሰብስቢና ተቀመጪ።»

ለተብርሃን ከንፈሯን ነከሰች።
ከዚያ አንሻ ደረሳት፣
ከሐርቡ የመጣችው፣ ገና ሁለት ወሯ፣
ሌሊቱን ሰው ቤት ፎቅ ስታጥብ ያደረች፣ ደም የመሰለ ዓይኗ።
«ሁለት» አለች ባፏ።
እጇ ግን እንቅልፍ ይዞት ይሁን ምን ይሁን፣
ያላትን ሁሉ፣ አስራ አንዱን ፍሬ፣
እንደ ፍርፋሪ ጠርጎ ወደ መሃል ወሰደው፣ አንድ ሳያስቀር።
«አየሁ!» አለች ለተብርሃን፣ እንደ መብረቅ።

ጫልቱ ልትስቅ ነበር።
«በተሳሳተ ሰው አይሳቅም፣ እስኪቆጠር ድረስ»
አለች ሸምሲያ፣ ቀና ሳትል።
«ፍሬው እኮ መሃል ገብቷል!» «ገብቷል።»
«እጇ ነው ያስገባው!» «አፏ ቀድሟል።
ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እጅ ተከታይ ነው፣ ይከተል።»
ዘጠኙን ፍሬ ወደ አንሻ መለሰችላት፣
አንድ ባንድ፣ ለሕጻን መልስ እንደሚቆጠር።

አንሻ ፍሬዎቿን አላነሳችም።
«ኮምቦልቻ ደላላው ቤት» አለች፣
«ደመወዝሽ መቶ ሃያ ዲናር ነው ብሎኝ ነበር ባፉ።
ወረቀቱ ላይ ግን ሰባ አምስት ነው አሉ፣
ዐረብኛ ነው፣ በምን ዓይኔ ላየው፤
አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ እሱ ነው የጫነው።
እና ሸምሲያ፣
አፉ ቀድሞ አልነበረም?»

ኤሲው ይንጠባጠባል ባልዲው ውስጥ።
ሸምሲያ ካርታውን ትበውዛለች፤ ደግማ ትበውዛለች፤
ያን ጨዋታ ገና አልጨረስነውም፣ ማንም አላላት።
ድንገት ካርታ አመለጣት፣
የስፔድ ንግሥት፣ ፊቷን ወደ ላይ፣ ካርቶኑ ላይ፣
ብርጭቆው ሥዕል አጠገብ።

አይተን አናውቅም ከእጇ ካርታ ሲወድቅ።
«የኔ ስህተት ነው» አለች፤
«የአዳይ ስህተት ሲሆን ሁሉም ያኖረውን ያነሳል።»
ለተብርሃን አፏን ከፈተች፣
አንሻን አየች፣
መልሳ ገጠመችው።
ከዚያ ጣቷን ዘርግታ፣ ሁለቷን ፍሬ ብቻ፣
«እነዚህ የኔ ናቸው» አለች፤ «ሁለት ብላለች፤ አይቻለሁ፤ ካርታዬም ይበልጣል።»
ገለጠችው። ይበልጣል።
ሸምሲያ ዝም አለች፤ አንሻ ራሷ «ልክ ነሽ» አለች።

ቅዳሜና እሁድ ሰሃን ያጠበችው አንሻ ናት።
ሁለት ቀን።
አስራ አንድ አይደለም።